ማከማቻው ራሱ ትምህርት ቤት ነው

ጥያቄ፦ «በአንድ መካከለኛ ሙዚየም ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት በቅርስ መዝጋቢነት ካገለገልኩ በኋላ ከስድስት ወራት በፊት የስብስብ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። በሥሬ አምስት ሠራተኞች አሉ። ወጣቶቹ ሥልጠና ይጠይቃሉ፤ በጀት ግን የለም። ባለፈው ዓመት አንዱ ባልደረባችን የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት ይዞ ቢመለስም በሥራችን ላይ የተለወጠ ነገር አላየሁም። ማከማቻችን አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ወለል ላይ የተቀመጡ ቅርሶች አሉ፤ ቁጥር የሌላቸውም ብዙ ናቸው። የት ምን እንዳለ በትክክል የሚያውቁት ሠላሳ ዓመት የሠሩ አንድ አዛውንት ባልደረባችን ብቻ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ጡረታ ይወጣሉ። የሚያውቁትን እንዲያስረክቡ ስጠይቃቸው ‹ይደረስበታል› ከማለት አያልፉም። ዳይሬክተራችን ደግሞ በየሦስት ወሩ አዲስ ዐውደ ርዕይ ይፈልጋሉ። ሠራተኞቼን ላሠልጥን ወይስ ማከማቻውን ላስተካክል? ሁለቱንም ለመሥራት አቅም የለኝም።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ያስቀመጡት ምርጫ አስጨንቆዎት እንደቆየ ከአጻጻፍዎ ይታወቃል። ሆኖም ለአንዱ ሥራ የሚበቃ ጊዜ ካለዎት ሌላውም በዚያው ጊዜ ውስጥ ሊሠራ ይችላል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ለሠራተኞችዎ ሌላ ትምህርት ቤት አይፈልጉላቸው፤ ማከማቻውን ማስተካከል ራሱ ሥልጠናቸው ይሁን። ይህን የምለው በጀት ስለሌለ የተገኘውን ይቀበሉ በማለት አይደለም። በጀት ቢኖርም ምክሬ አይለወጥም ነበር።

በመጀመሪያ ሥልጠና ወስዶ በተመለሰው ባልደረባዎ ላይ አይፍረዱበት። በሠለጠነበት ቦታ መደርደሪያው ተዘጋጅቶ፣ ከአሲድ ነፃ የሆነው ወረቀት ተቆርጦ፣ የእርጥበት መለኪያው በትክክል እየሠራ ጠብቆታል። ሲመለስ ግን የሁለት ሳምንት ውዝፍ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ አገኘ፤ የማከማቻው ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ የተማረውን የሚሞክርበት ግማሽ ቀን እንኳ የሰጠው የለም። እኔም የመጀመሪያ ሥልጠናዬን ወስጄ ስመለስ ማስታወሻዎቼን በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሮ ስቀይር ነበር ያገኘኋቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም በዚያ ማስታወሻ ውስጥ የነበረው የብል መከላከያ ዘዴ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የተበሉ ጨርቆችን ያድን ነበር።

ስለዚህ ከእንግዲህ ማንኛውም ሠራተኛ ለሦስት ቀንም ቢሆን ወደ ሥልጠና ከመሄዱ በፊት ከእርሱ ጋር ተቀምጠው አንድ ገጽ ይጻፉ። በገጹ ላይ ሲመለስ የሚሠራበት የተወሰነ ችግር ይቀመጥ፤ «ጥበቃን ማሻሻል» ሳይሆን «በሦስተኛው ክፍል ያሉትን የቆዳ ዕቃዎች መርምሮ በሣጥን ማስቀመጥ» እንደሚለው ያለ። ለዚህ የሚሰጠው ቀንና ሰዓትም ይጻፍ፤ ፊርማውም የእርሱ ብቻ ሳይሆን የእርስዎም ይሁን፤ ጊዜውን ለመስጠት ቃል የሚገቡት እርስዎ ነዎትና። ባለፈው ዓመት ለሠለጠነውም ቢሆን አልረፈደም። ማስታወሻዎቹን ይዞ እንዲመጣ ይጠይቁትና በማከማቻው ውስጥ የትኛውን ማዕዘን ለመረከብ እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ።

ቅድሚያ የምሰጠው ግን ለአዛውንቱ ባልደረባዎ ነው፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ካሉት ጉዳዮች ሁሉ የመጨረሻ ቀን የተቆረጠለት ይህ ብቻ ነውና። የካናዳ የቅርስ እንክብካቤ ተቋም ቅርስን የሚጎዱ ነገሮችን በአሥር ከፍሎ ያስቀምጣል። ዘጠኙን ማንኛውም የሙዚየም ሠራተኛ ሊገምታቸው ይችላል፦ አካላዊ ኃይል፣ ሌብነትና ሆን ተብሎ የሚደርስ ጥፋት፣ እሳት፣ ውሃ፣ ተባይ፣ በካይ ነገሮች፣ ብርሃን፣ ያልተስተካከለ ሙቀትና ያልተስተካከለ እርጥበት። አሥረኛው ቅርሱ ከመረጃው መለያየቱ ነው። አንድ የሸክላ ማሰሮ ሳይሰበርና ሳይሰነጠቅ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠውና በምን ውል ወደ ሙዚየሙ እንደገባ የሚያውቀው ሰው በሄደበት ቀን ዋናው ነገሩ ይጠፋል። ይህ ጉዳት ድምፅ ስለሌለው በጉዳት ሪፖርት ላይም አይጻፍም።

ጉዳዩ የትናንሽ ሙዚየሞች ብቻ አይደለም። በለንደን የሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ከስብስቡ ውስጥ የጠፉ፣ የተሰረቁና የተጎዱ ዕቃዎች እንዳሉ በይፋ አስታውቋል። ቁጥራቸው ወደ 2,000 እንደሚጠጋ ኋላ ተገለጸ፤ ብዙዎቹም በቅጡ ያልተመዘገቡ ነበሩ። ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ መጥፋቱን ማወቅ ያስቸግራል፤ ቢገኝም የእኛ ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። ሙዚየሙ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር መላ ስብስቡን በአምስት ዓመት ውስጥ መዝግቦ በዲጂታል ለማስቀመጥ ማቀዱን ይፋ አደረገ። ያን ያህል ስምና ሀብት ያለው ተቋም ከደረሰበት በኋላ የጀመረውን ሥራ እርስዎ ሳይደርስብዎት ሊጀምሩት ይችላሉ።

አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ። «ያስረክቡ» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ቁልፍና ወንበር ከመልቀቅ ጋር፣ አንዳንዴም ከጥርጣሬና ከቆጠራ ጋር የተያያዘ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው እየመጣ «ይህ የት ነው?» ሲል የኖሩ ሰው፣ የሚያውቁትን ሁሉ በወረቀት አስፍረው በሰጡ ማግሥት ማንም እንደማይፈልጋቸው ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። በዕድሜ ከሚያንሳቸው አዲስ ተሿሚ ጥያቄው ሲመጣ ደግሞ ስጋቱ ይብሳል። ስለዚህ ርክክብ የሚለውን ቃል ይተዉትና «ወጣቶቹን ያስተምሩልኝ» ይበሏቸው። ቃሉን ብቻ መለወጥ በቂ አይደለም፤ አሠራሩም እውነተኛ የማስተማር ሥራ መሆን አለበት።

በሳምንት ሁለት ጠዋት፣ በእያንዳንዱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይመድቡ። እርሳቸው ከመደርደሪያው ፊት ወንበር ይዘው ይቀመጡ፤ አንዱ ወጣት ዕቃውን በንጹሕ እጅ ወይም በጓንት አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ ያኑር፣ ሌላው ይጻፍ፣ ሦስተኛው ፎቶግራፍ ያንሳ። የሚናገሩት በፈቃዳቸው በድምፅ ቢቀረጽ መልካም ነው። በቅጹ ላይ የዕቃው ቁጥር፣ ቦታውና መግለጫው ከሰፈሩ በኋላ «መረጃ ሰጪ» የሚል መስመር ይኑርና የእርሳቸው ሙሉ ስምና ቀኑ ይጻፍበት። ይህ መስመር ለሙያውም ለሰውየውም ይጠቅማል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ተመራማሪ መረጃው ከሰነድ የተገኘ ይሁን ከሰው ትውስታ ለይቶ ያውቃል፤ እርሳቸውም ስማቸው በየቅርሱ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ያያሉ። የነገሩት ከድሮው መዝገብ ጋር የተጋጨ እንደሆነ ሁለቱም ይያዙ፤ አንዱን በሌላው መሰረዝ ፈጽሞ አይገባም። ያላስታወሱትም «አይታወቅም» ተብሎ ይጻፍ፤ በግምት የተሞላ ባዶ ቦታ ከባዶው የከፋ ነው።

አንድ ዓመት ተኩል አጭር ይመስላል፤ ግን እናስላው። በዓላትና የዓመት ፈቃድ ተቀንሶ 70 ሳምንታት ቢቀሩ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 15 ዕቃ ቢታይ 2,100 ዕቃ ይሆናል። ስብስብዎ ከዚህ ይበልጥ እንደሆነ ከወዲሁ ይምረጡ፤ በመዝገብ በቂ መረጃ ያላቸውን ይለፏቸውና ቁጥር ከሌላቸው፣ ቁጥር ኖሯቸውም ታሪካቸው ከማይታወቅ ይጀምሩ።

ቁጥር ስለሌላቸው ዕቃዎች አንድ ነገር ላሳስብ፤ በችኮላ የሚፈጸመው ስህተት ለብዙ ዓመታት የሚተርፍ ነውና። ቁጥር የጠፋበትን ዕቃ ወዲያውኑ አዲስ የገቢ ቁጥር፣ ማለትም ዕቃ ወደ ስብስቡ ሲገባ የሚሰጠውን መለያ፣ አይስጡት። ምናልባት ከአርባ ዓመት በፊት በተሰጠው ቁጥር በመዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ «ጠፍቷል» ተብሎም ሊሆን ይችላል። ለጊዜው ከመደበኛው ቁጥር ጋር በማይምታታ፣ ለምሳሌ በፊደል በሚጀምር ጊዜያዊ ቁጥር ይያዝ፤ የድሮ መዝገቦች፣ የስጦታ ደብዳቤዎችና የቆዩ ፎቶግራፎች ከተመረመሩ በኋላ ይወሰን። በብዙ ሙዚየሞች የተለመደው ባለሦስት ክፍል ቁጥር፣ ለምሳሌ 2019.4.12፣ ዓመቱን፣ በዚያ ዓመት ስንተኛው ገቢ እንደሆነና በገቢው ውስጥ ስንተኛው ዕቃ እንደሆነ ያሳያል። ከስብስቡ የወጣ ዕቃ ቁጥር ደግሞ ዳግም ለሌላ አይሰጥም። ይህንን የድሮ መዝገብ ፍለጋ ከወጣቶቹ ትዕግሥት ላለው አንዱ ይስጡት። በዚህ ሥራ ስድስት ወር የቆየ ሰው የተቋሙን ታሪክ ማንም ኮርስ በማያስተምረው መንገድ ያውቀዋል።

ስለ ማከማቻው አደረጃጀት ከባዶ መጀመር የለብዎትም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በሮም የሚገኘው የቅርስ ጥበቃና እድሳት ዓለም አቀፍ ማዕከል፣ በአጭር ስሙ ኢክሮም፣ ከዩኔስኮ ጋር በመተባበር ሪ-ኦርግ የተባለ ዘዴ አዘጋጅቷል። ዘዴው የተቀረጸው አቅማቸው ውስን ለሆኑ ሙዚየሞች ሲሆን መመሪያዎቹ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ሥራውን በአራት ይከፍለዋል፦ አስተዳደር፣ ሕንፃና ቦታ፣ ስብስቡ ራሱ፣ እንዲሁም መደርደሪያና አነስተኛ መሣሪያዎች። ለጥሩ ማከማቻ ከሚያስቀምጣቸው አሥር መስፈርቶች መካከል እኔ ዘወትር የምጠቅሳቸው አራት ናቸው። በማከማቻው ውስጥ ከስብስቡ ዕቃዎች በስተቀር ሌላ ነገር አይቀመጥም፤ ምንም ቅርስ በቀጥታ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ዕቃ የተወሰነ ቦታ ኖሮት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይገኛል፤ አንዱን ለማውጣትም ከሁለት በላይ ሌሎች ዕቃዎችን ማንሳት አያስፈልግም።

ነገ ጠዋት ሳያስጠነቅቁ ይህን ይሞክሩ። ከመዝገብ አሥር ቁጥሮች ይምረጡና ሰዓት ይዘው ሠራተኞችዎ ዕቃዎቹን እንዲፈልጉ ያድርጉ። ከዚያም በተቃራኒው ከመደርደሪያ አሥር ዕቃዎች ይምረጡና መዝገባቸውን እንዲፈልጉ ያድርጉ። አዛውንቱ ባልደረባዎ በሌሉበት ቀን ቢሆን ትክክለኛውን ሁኔታ ያያሉ። ውጤቱ ምንም ያህል ዝቅ ቢል ማንንም አይውቀሱበት፤ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት። በየወሩ ይድገሙት። ከአሥር ሦስት የነበረው ስድስት ሲሆን ሠራተኞችዎ የራሳቸውን ዕድገት በቁጥር ያያሉ፤ ከየትኛውም የምስክር ወረቀት ይልቅ በዚህ ይኮራሉ።

ከወጣቶቹ ለእያንዳንዱ አንድ የኃላፊነት መስክ ለስድስት ወር ይስጡ። አንዷ ወለል ላይ ያሉትን ሁሉ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ የማኖሩን ሥራ ትምራ፤ ሌላው ለክፍሉ፣ ለመደርደሪያውና ለእያንዳንዱ ደረጃ የቦታ መለያ ይስጥ፤ ሌላው ደግሞ የተባይ ማጥመጃ ወረቀቶችን በየሳምንቱ እየመረመረ የእርጥበቱን ንባብ ይመዝግብ። የአየሩ እርጥበት ለረጅም ጊዜ ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ እንደሚያሰጋ በቃል ከመስማት ይልቅ፣ በራሱ ሠንጠረዥ ላይ መስመሩ ሲወጣ ያየ ሰው አይረሳውም። በወር አንድ ሰዓት ደግሞ እያንዳንዱ በተራው በመስኩ ያነበበውንና ያየውን ለሌሎቹ ያስተምር። የካናዳው ተቋምና ኢክሮም በነፃ የሚያቀርቧቸው ጽሑፎች ለዚህ በቂ ናቸው። ሰው ለራሱ ብሎ የማያነበውን ጽሑፍ ለባልደረቦቹ ማስረዳት ግድ ሲሆንበት በጥንቃቄ ያነበዋል።

አደራ የምልዎት አንድ ነገር አለ፦ መላውን ማከማቻ በአንድ ጊዜ አያተራምሱት። በጥሩ ስሜት ተጀምረው ዕቃው ሁሉ በየኮሪደሩ ከወጣ በኋላ በመሃል የቆሙ ሥራዎችን አይቻለሁ፤ የነበረው ምስቅልቅል ቢያንስ ሰው የለመደው ነበር፣ አዲሱን ግን ማንም አያውቀውም። በመጀመሪያ የስብስቡ ያልሆነውን ያውጡ፤ የተሰበሩ ወንበሮችን፣ የድሮ ዐውደ ርዕይ ሰሌዳዎችን፣ ያልተሸጡ መጽሔቶችን፣ በተለይም ቀለምና ቀላቃይ ፈሳሾችን። በዚህ ብቻ ምን ያህል ቦታ እንደሚገኝ ያስደንቅዎታል። ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን የሚያልቅ አንድ መደርደሪያ እየያዙ ይቀጥሉ። ዕቃ ከቦታው በተነሳ ቁጥር አዲሱ ቦታው ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት በመዝገብ ላይ ይስፈር።

በደብዳቤዎ ያልጠቀሷቸው ሰዎች አሉ፦ የጽዳት ሠራተኞችና ጥበቃዎች። ከመደርደሪያ ሥር የሚታየውን ስስ የእንጨት ዱቄት፣ ከጣሪያ የምትወርደውን የመጀመሪያ የውሃ ጠብታ፣ ትናንት ያልነበረውን የተቀጠቀጠ የብል ክንፍ ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው መጥረጊያ የያዘው ሰው ነው። ነገር ግን የነገረው ስለሌለ ጠርጎ ይጥለዋል። ጥበቃዎችም ጎብኚ የትኛው የማሳያ ሣጥን ፊት እንደሚቆምና ምን እንደሚጠይቅ ከማንኛችንም በላይ ያውቃሉ። በወሩ የማስተማሪያ ሰዓት ላይ ይጋብዟቸው፤ ያዩትን የሚጽፉበት አንድ ደብተር በመግቢያው ላይ ያስቀምጡላቸው፤ የጻፉትንም በዚያው ሳምንት መልስ ይስጡበት። መልስ ያላገኘ ደብተር በሁለተኛው ወር ባዶ ይሆናል።

ስለ ዳይሬክተርዎ ያለዎት ቅሬታ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጎብኚ የሚመጣው ለሚታየው ነገር ነውና ፍላጎታቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ወደ ቢሯቸው ሲገቡ «ሠራተኛ አነሰኝ» ከማለት ይልቅ የባለፈውን ዐውደ ርዕይ ሰዓት ቆጥረው ይግቡ፦ ለምርጫ፣ ለሁኔታ ምርመራ፣ ለማጓጓዝ፣ ለመግለጫ ጽሑፍ፣ ለመስቀልና ለማውረድ ስንት ሰው ስንት ሰዓት እንደፈጀ በአንድ ገጽ ላይ ይታይ። ከዚያ አማራጭ ያቅርቡ፤ በዓመት አራት ትልልቅ ዐውደ ርዕዮች ከሚሆኑ ሁለቱ ትልቅ፣ ሁለቱ ደግሞ ከማከማቻው ሥራ የተገኘ አንድ የማሳያ ሣጥን ብቻ ያላቸው ይሁኑ። ታሪኩ አዲስ የታወቀ፣ ቁጥሩ የተመለሰለት ዕቃ ለጎብኚም ለጋዜጠኛም ማራኪ ነው። ዕቃውን መርጦ መግለጫውን የሚጽፈው ደግሞ ያገኘው ወጣት ይሁን፤ ይህም ሌላ ሥልጠና ነው።

ለዚህ ሐሳብ ሙያዊ ድጋፍም አለዎት። ጨርቅና ወረቀት የመሰሉ ብርሃን የሚጎዳቸው ቅርሶች በ50 ሉክስ ገደማ እንዲታዩ ይመከራል (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፤ ጉዳቱ ግን የሚጠራቀም ነው። በ50 ሉክስ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን የታየ ጨርቅ 120,000 ሉክስ-ሰዓት ይደርስበታል፤ በ200 ሉክስ ቢታይ በ75 ቀን ውስጥ ያንኑ ያህል ይደርስበታል። ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ዕቃዎች በየሦስት ወሩ ማፈራረቅ ዳይሬክተሩ የሚፈልጉትን አዲስነት ለጎብኚ፣ የሚገባውን ዕረፍትም ለቅርሱ ይሰጣል። በምላሹ የሚጠይቁት ገንዘብ አይሁን፤ በሳምንት ሁለቱ ጠዋቶች በማንኛውም አስቸኳይ ጉዳይ እንዳይነኩ በጽሑፍ ይፈቀድልዎ።

የተማረ ሠራተኛ ጥሎ ይሄዳል ብለው እንዳይሰጉ። አንዳንዱ ይሄዳል፤ ደመወዙ በእርስዎ እጅ አይደለም። በእጅዎ ያለው የሠራውን በስሙ ማስመዝገብ፣ የልምድ ማስረጃ ሲጠይቅም የሠራውን ለይቶ የሚገልጽ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ጽፎት የሄደው መዝገብ ከእርስዎ ጋር ይቀራል።

ለመጀመር የበጀት ዓመቱን አይጠብቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሙዚየሙ ለጎብኚ ከመከፈቱ በፊት አዛውንቱን ባልደረባዎን ብቻዎን ያነጋግሯቸውና የትኛውን መደርደሪያ ከሁሉ አብልጠው እንደሚወዱት ይጠይቋቸው። ሥራው ከዚያ መደርደሪያ ይጀምር። ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ካሜራና እርሳስ ይዘው ይግቡ፤ እስክሪብቶ ወደ ማከማቻ አይገባም። በመጀመሪያው ጠዋት አምስት ዕቃ ብቻ ቢታይም አይጨነቁ፤ እርሳቸው እየተናገሩ ከሆነ አያቋርጧቸው።